የማክሰኞ ጉዞ፦ አንድ ባልና ሚስት በቪክቶሪያ የወርቅ ከተሞች

እነዚህ ባልና ሚስት የሚኖሩት አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ የሚገናኙት ግን በር ላይ ነው። እሱ በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ ምዕራብ በኩል ባለ መጋዘን ሌሊት ሌሊት ፎርክሊፍት (የዕቃ ማንሻ መኪና) ይነዳል። እሷ በአረጋውያን መንከባከቢያ ጠዋት ትገባለች። እሱ ደክሞት ሲመለስ እሷ ጫማዋን እያሰረች ነው። "ትንሹ ልጅ ያስለዋል"፣ "የመብራት ሂሳብ መጥቷል" ይባባሉና ይለያያሉ። ቅዳሜና እሁድ ክፍያው ስለሚጨምር ሺፍት ከተገኘ ሁለቱም እምቢ አይሉም። በአንድ ላይ ሥራ የማይገቡበት ቀን ማክሰኞ ነው። እሱም ቢሆን በየሳምንቱ አይገኝም።

የእነሱን ጉዞ ልጽፍ የተነሳሁት እንዲህ ያለው ኑሮ የእነሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። በዚህ ከተማ ከማውቃቸው የሐበሻ ቤተሰቦች ብዙዎቹ እንዲሁ ናቸው። "አንድ ቀን ወጣ እንበል እንጂ" ይባላል፤ ዓመት ያልፋል። እነዚህ ግን ወጡ። የወጡትም ማንም ለሽርሽር በማይመርጠው ቀን ነው፤ በሐምሌ ብርድ፣ በሥራ ቀን፣ ልጆች ትምህርት ቤት በሚውሉበት ማክሰኞ። ቀኑም ያማረ ሆነ። ለምን እንዳማረ ደግሞ በደንብ ማየት ይቻላል፤ በአጋጣሚ የሆነ ነገር ጥቂት ነው።

ታሪኩን ከሁለቱም ለየብቻ ሰምቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ያወጣሁላቸው እኔ ስለነበርኩ ዝግጅቱንም በቅርብ አይቻለሁ። እንድጽፈው ፈቅደዋል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ፤ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ ግን የፈረንጆቹ ነው።

ሰባት ከተማ በአንድ ቀን

የመጀመሪያውን ዕቅድ ያወጣው እሱ ነው። ስልኩ ላይ ሰባት ከተማ ጻፈ፦ ካይንተን፣ ማልምስበሪ፣ ካስልሜን፣ ማልደን፣ ቤንዲጎ፣ ዴይልስፎርድ፣ ባላራት። ሁሉም ከሜልበርን በስተሰሜንና በስተምዕራብ ናቸው። በ1851 ቪክቶሪያ ውስጥ ወርቅ ተገኘ ሲባል ከዓለም ዙሪያ ሰው የጎረፈው ወደዚህ አካባቢ ነው። አንዳንዶቹ ከተሞች የተቆረቆሩት ወርቁ ላይ ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ ወደ ወርቁ በሚወስደው መንገድ ላይ አደጉ። እሱ ስለ እነዚህ ከተሞች ብዙ ያነባል፤ ሁሉንም ሊያሳያት ጓጓ።

እሷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችው።

"ከመኪናው የምንወርደው መቼ ነው?"

ወረቀት ይዘው ተቀመጡ። ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰው የሚነሱት 3 ሰዓት ላይ ነው። እስከ 12 ሰዓት ካልተመለሱ እኔም የራሴ ሥራ አለብኝ። ስለዚህ በእጃቸው ያለው ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰባቱን ከተሞች ማዞር ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስድስት ሰዓት መንዳት ይጠይቃል። ሦስት ሰዓት ለሰባት ከተማ ሲካፈል ለአንዱ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይደርሰውም። መኪና ማቆሚያ መፈለጉና ሽንት ቤቱ ሳይቆጠር ማለት ነው።

ቤንዲጎና ባላራት ተሰረዙ። ሁለቱም ትልልቅ ከተሞች ናቸው፤ ለየብቻቸው ቀን ይፈልጋሉ። ካይንተን ደግሞ መንገድ ላይ ስለሆነች "ሌላ ጊዜ" ተባለች። የቀረው ዙር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ትንንሾቹን መንገዶች ጨምሮ አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል። ሌላው አራት ሰዓት ተኩል ለእግራቸው ተረፈ። በእኔ እምነት የዕለቱ ጉዞ እዚያ ወረቀት ላይ ግማሹን ተቃንቷል። ሰው ስለ ቀን ጉዞ ሲያወራ ኪሎ ሜትሩን ነው የሚነግርህ። ሁለት ሰዎች አብረው ውለዋል ወይ የሚለውን የሚወስነው ግን ከመኪና ውጭ ያለው ሰዓት ነው።

ቀጥሎ ችግር መጣ። እሷ ማታ ቁጭ ብላ ቦታዎቹን አንድ በአንድ ስታጣራ አብዛኞቹ ማክሰኞ ዝግ ሆነው አገኘቻቸው። የእነዚህ ትንንሽ ከተሞች ንግድ የሚኖረው በቅዳሜና በእሁድ እንግዳ ነው። ዕቃ ቤቱም፣ ጋለሪውም፣ አንዳንዱ ምግብ ቤትም ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይዘጋል። የሚከፈት ካፌ ቢገኝም ኩሽናው 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ያቆማል። በማልደንና በካስልሜን መካከል የሚመላለሰው የድሮ የእንፋሎት ባቡርም የሚሄድበት ቀን የተወሰነ ነው፤ የእነሱ ማክሰኞ አልገባበትም። በዚያ ላይ በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው 11 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው።

"ታዲያ የተዘጋ ከተማ ልናይ ነው እንዴ የምንሄደው?" አለችኝ በስልክ። ተስፋ ቆርጣ ነበር።

በማግስቱ ግን ሌላ ነገር ይዛ መጣች። ክፍት የሆነውን መፈለጓን ትታ በር የሌለውን መፈለግ ጀምራ ነበር። ድልድይ በር የለውም። መቃብር ቦታ በር የለውም። ኮረብታ፣ ምንጭ፣ አሮጌ ጎዳና፣ ትልቅ ዛፍ፤ እነዚህ ማክሰኞም እሁድም ያው ናቸው። ክፍያም የላቸውም። የጉዞው ካርታ በአንድ ሌሊት ተቀየረ። የዕረፍት ቀኑ ከሰው ሁሉ ለተለየ ባለ ሺፍት ይህችን ሐሳብ ብቻ ይዞ ቢሄድ ብዙ ነው እላለሁ።

ማን ይንዳ?

ይህኛው ትንሽ አጨቃጭቋል። እሱ የመጨረሻውን የሌሊት ሥራ ጨርሶ የወጣው ሰኞ ጠዋት ነው። ሰኞ ቀን ተኛ፤ ማታ ግን እንቅልፍ እንቢ አለው። ሌሊት የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ሰውነቱ ማታ ይነቃል፣ ጠዋት ይወድቃል። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው አነዳዱ በደሙ ውስጥ 0.05 አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን በጥናት ታውቋል። 0.05 ደግሞ በቪክቶሪያ ሙሉ መንጃ ፈቃድ ላለው ሰው የሕጉ ወሰን ነው። ጠጥቶ መሪ የማይዝ ሰው ሳይተኛ መሪ ሲይዝ ግን ማንም ምንም አይለውም። ይህ ነገር ያንገበግበኛል፤ ከሌሊት ሥራ ሲመለሱ መኪና ውስጥ ያሸለባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

"መሪ ካልያዝኩ እንቅልፍ ይወስደኛል" አላት።

"ይውሰድህ" አለችው።

ተስማሙ። ጠዋት እሷ ትነዳለች፤ የእሷ ሰዓት ነው፣ ሁልጊዜም ከ11 ሰዓት ጀምሮ የነቃች ናት። ማታ እሱ ይነዳል። ብዙ ሰው ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ድብት ስለሚለው ያንን ሰዓት በተቻለ መጠን በእግር እንዲያሳልፉት አደረጉ። ስንቅ ተቋጠረ፤ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ፍራፍሬ፣ ሻይ በፔርሙስ። ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ስላለ ካርታውን ስልክ ላይ አወረዱት። የጎማውን ነፋስ እኔ ፊት ነው የለካው።

ከማልምስበሪ እስከ ካስልሜን

በኮልደር ፍሪዌይ ላይ ገና ከከተማ እንደወጡ እሱ ተኛ። እሷ ብቻዋን ነዳች፤ ሬዲዮ እንኳ አልከፈተችም። "ሲተኛ አየሁት" አለችኝ። "ቤት የሚተኛው እኔ ሥራ ስሆን ነው። አይቼው አላውቅም ማለት ይቻላል።"

ማልምስበሪ ከፍሪዌዩ ወጣ ብላ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ኮሊባን በሚባለው ወንዝ ላይ ባለ 5 ቅስት የባቡር ድልድይ አላት፤ በ1860 ከጥቁር ድንጋይ ተጠርቦ የተሠራ ነው። ከሜልበርን ወደ ቤንዲጎ የሚሄደው ባቡር ዛሬም የሚያልፈው በላዩ ነው። ሻይ ጠጡ፣ እግራቸውን አፍታቱ፣ ድልድዩን ከታች ሆነው ወደ ላይ አዩት። ግማሽ ሰዓት በቃቸው።

ካስልሜን ግን ሌላ ነው። እዚህ ረዘም ላድርገው።

በ1851 በዚህ አካባቢ የተገኘው ወርቅ ብዙ ማሽን የሚጠይቅ አልነበረም። በጅረት ዳር ደለል ውስጥ፣ ከላይ ከላዩ ነው የነበረው። አካፋና ማጠቢያ ሳህን ያለው ሁሉ ይሞክር ነበር። በወራት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በድንኳን ሰፈረ። መሬቱ የጃ ጃ ውሩንግ ሕዝብ ነው፤ ያኔ የጠየቃቸው የለም። ጅረቶቹ ተገለባብጠው ጭቃ ሆኑ፣ ዛፉ ተጨፈጨፈ፣ የሚጠጣው ውሃ ቆሸሸ። በቆሸሸ ውሃ ደግሞ ቀድሞ የሚሞተው ሕፃን ነው።

ከመሐል ከተማው ወጣ ብሎ ፔኒዌይት ፍላት የሚባል የሕፃናት መቃብር አለ። ከ1852 እስከ 1857 ባሉት ዓመታት 200 ያህል ሰው ተቀብሮበታል፤ አብዛኞቹ ሕፃናት ናቸው። ቦታው ድንጋያማ ነው። ወርቅ ስለማይገኝበት ማንም ቆፍሮ አይረብሻቸውም ተብሎ ነው እዚያ የተቀበሩት። መሬቱ ስለማይቆፈር መቃብሮቹን ዙሪያቸውን በድንጋይ ክበው አጠሯቸው። ዛሬ ዛፎች መሐል በትንንሽ ካብ የታጠሩ አራት ማዕዘኖች ታያለህ። ብዙዎቹ ስም የላቸውም። አንዳንዶቹ ድንጋዮች ሻጋታ ለብሰዋል፤ አንዳንዶቹ ተንሸራተው ወድቀዋል።

እሷ አንደኛው አጠገብ ተቀምጣ በክንዷ ለካችው። ከክንዷ ብዙ አይበልጥም። በሥራዋ ሞት ታያለች፤ የምታየው ግን ዘጠና ዓመት የኖረ ሰው ሞት ነው፣ ልጅና የልጅ ልጅ የከበበው። "እዚህ እናትየዋ ምን እንዳደረገች ነው ያሰብኩት" አለችኝ። "ቀብራ ወደ ድንኳኗ ተመለሰች፤ ሌላ ልጅ አለ፣ ውሃ መቅዳት አለ። ማልቀሻ ቦታ እንኳ አልነበራትም።"

እሱ ቆሞ ነበር። ከዚያ የተናገረውን ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቃል ነገሩኝ።

"ልጆቼ ሲያድጉ እኔ ተኝቼ ነው።"

በቤታቸው በጣም የሚደጋገመው ዓረፍተ ነገር "ቀስ በሉ፣ አባዬ ተኝቷል" የሚለው ነው። ይህን እኔም ሰምቼዋለሁ። እሱ ሲሰማው ምን እንደሚሰማው ግን አንድ ቀንም ተናግሮ አያውቅም። የሌሊቱን ሥራ ትቶ ወደ ከሰዓት ሺፍት መዛወር እንደሚፈልግ፣ ነገር ግን ገንዘቡ ስለሚቀንስ እንዴት እንደሚላት ጨንቆት እንደከረመ ያን ጊዜ ነገራት።

እሷ አላባበለችውም። "ስንት ነው የሚቀንሰው?" አለችው። መኪና ውስጥ ገብተው ስልክ ላይ ደመሩ፤ የቤት ኪራይ፣ መኪና፣ አገር ቤት ለእናቱ የሚላከው፣ የልጆች። ብርድ ስለነበር ማሞቂያውን ከፍተው፣ ከፔርሙሱ እየቀዱ። ሂሳቡ ጠበቅ ይላል፤ ግን ይሆናል። እሷ በሳምንት ያላት ሰዓት ትንሽ ቢጨመርላት ጉድለቱ ይሸፈናል። ይህን ሂሳብ እቤት ለመሥራት ሁለቱም የነቁበት፣ ልጆች የማይጠሯቸው፣ ማንም ወደ ሥራ የማይሮጥበት አንድ ሰዓት ያስፈልግ ነበር። እቤት ያ ሰዓት የለም።

መሐል ከተማ የቆዩት ጥቂት ነው። በ1862 የተሠራውን የድሮ ገበያ አዳራሽ ከውጭ አዩት፤ ጣሪያው ላይ የሮማውያን የእህል አምላክ የሴሬስ ሐውልት ቆማለች። ፎቶ ተነሱና ሄዱ።

ማልደን፣ ቤንዲጎ ትቅር ወይስ አትቅር

ማልደን ከካስልሜን ሃያ ደቂቃ ብትሆን ነው። በ1966 የአውስትራሊያ ብሔራዊ የቅርስ ማኅበር፣ ናሽናል ትረስት የሚባለው፣ በአገሪቱ የመጀመሪያዋ ታዋቂ ከተማ ብሎ የሰየማት እሷን ነው። ምክንያቱ ጎዳናዋ ላይ ይታያል። ወርቁ ሲመናመን ከተማዋ ድሃ ሆነች፤ ድሃ ስለሆነች አፍርሶ የሚሠራ አልመጣም። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሱቆች በእግረኛው መንገድ ላይ የተዘረጋ ሰፊ በረንዳቸውን እንደያዙ ቀሩ።

ማክሰኞ ሲሆን ይህ ጎዳና ባዶ ነው። ቅዳሜ ብትሄድ በሰው ትከሻ መሐል ነው የምታየው። እነሱ በረንዳ ሥር ካለ አግዳሚ ላይ ስንቃቸውን ፈቱ። በመስኮት የድሮ ዕቃ እያዩ፣ የተዘጉትን በሮች ሁሉ እያነበቡ ተንሸራሸሩ። አንድ ዳቦ ቤት ክፍት ነበር፤ ለልጆቹ ኬክ ገዙ። መዘጋቱ ያን ያህል አላስቆጫቸውም፤ የመጡት ሊገዙ አይደለም።

እዚህ ነው እሱ ቤንዲጎን እንደገና ያነሳው። "40 ኪሎ ሜትር ናት፤ እዚህ ድረስ መጥተን ሳናያት?" አላት።

ክርክሩ ተገቢ ነው። ከሜልበርን ስትነሳ ሩቅ የነበረችው ቤንዲጎ ማልደን ስትደርስ በጣም ትቀርባለች። ብዙ የቀን ጉዞ የሚበላሸው እንዲህ ባለች "እዚህ ድረስ መጥተን" ነው። እሷ ዕቅዱን አስታወሰችው፤ አልተቆጣችም። "እንሂድ ካልክ እሄዳለሁ። ኮረብታው ይቀራል፤ የምንጩ ውሃም ይቀራል። በጨለማ ነው የምንመለሰው።" ደርሶ መልሱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበላል። የቀረው የቀን ብርሃን ደግሞ አራት ሰዓት ያህል ነበር። እሱ ትንሽ አኮረፈ። ይህን እንድጽፍ ራሱ ነው የነገረኝ፤ ሁሉም በፈገግታ ነው የሆነው እንዳይመስል።

ማውንት ታረንጎወር ላይ ወጡ። ከከተማው በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። አናቱ ላይ የብረት ማማ አለ፤ በአንድ ወቅት በማዕድን ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሞ ሰውና ድንጋይ ያወጣና ያወርድ የነበረ ነው፣ ተነቅሎ መጥቶ ነው እዚህ የተተከለው። ደረጃውን ወጡት። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ከላይ ሜዳው በሙሉ ይታያል፤ የቤንዲጎን አቅጣጫ በጣቱ አሳያት። ከዚያ በኋላ ስለ ቤንዲጎ አልተነሳም።

የእግር መንገድ ከሮብ ወደብ

መሪውን ከማልደን ጀምሮ የያዘው እሱ ነው። ከካስልሜን ወደ ዴይልስፎርድ በሚወስደው መንገድ ላይ ጊልፎርድ የምትባል መንደር አለች። ዛሬ ሳትቀንስ የምታልፋት ናት። በወርቁ ዘመን ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ቆፋሪዎች ሰፍረውባት ነበር። እሱ እዚህ መኪናውን አቆመና አንድ ግዙፍ የባሕር ዛፍ ሥር ታሪኩን ነገራት።

በ1855 የቪክቶሪያ መንግሥት በመርከብ በሚመጣ ቻይናዊ ላይ ሁሉ 10 ፓውንድ ቀረጥ ጣለ። ለሌላው አይደለም፤ ለቻይናዊ ብቻ። ለአንድ ድሃ ገበሬ ይህ የማይታሰብ ገንዘብ ነበር፤ ብዙዎቹ የመጡት በብድር ነው። ስለዚህ የመርከብ ካፒቴኖቹ ሜልበርንን ትተው ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ሮብ በምትባል ትንሽ ወደብ አራገፏቸው። ከዚያ ወደ ወርቁ በእግር ነው፤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ። ሸክማቸውን በትከሻ እንጨት አንጠልጥለው፣ በመስመር፣ ለሳምንታት። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንዲህ ተጓዙ።

እሷ ይህን አታውቅም ነበር። እዚህ አገር ለዓመታት ኖራለች፤ ማንም አልነገራትም። እሱ ራሱ ወደዚህ አገር የመጣበት መንገድ ቀጥተኛ አልነበረም፤ ሱዳን አለበት፣ ካምፕ አለበት። ስለዚያ ብዙ አይናገርም። ያን ቀን ግን ጊልፎርድ ላይ ጥቂት ተናገረ። የተናገረውን ለእሷ ትቼዋለሁ።

መጻፍ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። በየአገሩ ለጎብኚ የሚዘጋጀው ታሪክ ብዙ ጊዜ የአሸናፊው ነው፤ ትልቁ የወርቅ ድንጋይ፣ ትልቁ ባንክ፣ ትልቁ ሆቴል። ስደተኛ ሆነህ ስትሄድ ግን ሌላውንም ፈልገው። እነዚህ ከተሞች ከቻይና፣ ከጣሊያን፣ ከስዊዘርላንድ፣ ከአየርላንድ በመጡ ስደተኞች እጅ ነው የተሠሩት። የሰፈሩበት መሬት ደግሞ ባለቤት ነበረው።

ዴይልስፎርድ አጠገብ ያለችው ሄፕበርን ስፕሪንግስ የደረሱት 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ እንቅልፍ በሚጫንበት ሰዓት። እዚህ ከመሬት የሚወጣ ማዕድናዊ ውሃ አለ። የዝናብ ውሃ በተሰነጣጠቀ ዓለት ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ በመንገዱ ላይ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ብረትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሟሟበታል፤ ከዚያ ጋዙን እንደያዘ ይወጣል። መናፈሻው ውስጥ ፓምፖች አሉ፤ ማንም መጥቶ ይቀዳል።

እሷ ፓምፑን ጨቁና በእፍኟ ቀመሰችና "አምቦ ውሃ ነው እኮ!" ብላ ጮኸች። ከአንዱ ምንጭ ወደ ሌላው ሄደው አመሳከሩ። አንደኛው የብረት ጣዕሙ ይከብዳል፤ ውሃው በሚወርድበት ድንጋይ ላይ ዝገት የመሰለ ቀይ መስመር ሠርቷል። ሌላኛው ለስለስ ያለ ነው፤ ጋዙ ግን ምላስ ይቆነጥጣል። ጠርሙስ ይዛ ነበር፤ ሞላች። አንድ ምክር ልጨምር፦ ይህ ውሃ ብዙ ማደር የለበትም። ጋዙ ሲወጣ ብረቱ ከውሃው ይለያል፤ ጠርሙሱም ቡናማ ይሆናል። ቶሎ ነው የሚጠጣው።

የዚህ ቦታ ታሪክ ከሁሉም በላይ ደስ ይለኛል። በ1860ዎቹ የወርቅ ቁፋሮው ምንጮቹን ሊያጠፋቸው ሲል የአካባቢው ነዋሪዎች ይጠበቁልን ብለው አቤት አሉ። በ1865 ቦታው ተከለለ። ወርቅ አፍንጫቸው ሥር እያለ ውሃው ይቅርልን አሉ።

ጀንበር ሳትጠልቅ

ከሄፕበርን የተነሱት 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው፤ ፀሐይ ከመጥለቋ አንድ ሰዓት ቀድመው። ይህን ሰዓት የመረጡት ከመነሳታቸው በፊት ነው። ከዴይልስፎርድ እስከ ባላን ያለው መንገድ በደንና በግጦሽ መሐል ያልፋል፤ ፍጥነቱ 100 ነው፣ አጥርም ብዙ የለው። ካንጋሮ ከሁሉ ይበልጥ የሚወጣው ሲመሽና ሲነጋ ነው። ድንገት ሲዘል መሪ መጠምዘዝ ዛፍ ላይ ወይም ከፊት ከሚመጣ መኪና ላይ ይጥላል፤ ቀጥ ብሎ ፍሬን መያዝ ነው የሚመከረው። ይህንን ክፍል በብርሃን ጨርሰው ባላን ላይ ዌስተርን ፍሪዌይ ገቡ። የጨለመው ሰፊውና መብራት ያለው መንገድ ላይ ሲደርሱ ነው።

ዴይልስፎርድን በመኪና መስታወት ብቻ ነው ያዩዋት። "አይተናታል አንልም" ይላሉ ሁለቱም። ትክክል ናቸው፤ ሐይቁም ኮረብታው ላይ ያለው የዕጽዋት መናፈሻም ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

እሱ በሚነዳበት ሰዓት እሷ ተኛች። 12 ሰዓት ሊሞላ ሲል እቤቴ በር ላይ ነበሩ። ልጆቹ ኬኩን ሲቀበሉ አባታቸው ገና ንቁ ነበር፤ ለእሱ ቀኑ ገና መጀመሩ ነው።

የከሰዓት ሺፍት ወዲያው አልተገኘም። አለቃውን ጠየቀ፣ ቦታ ሲለቀቅ ትባላለህ ተባለ፣ ጠበቀ። በመጨረሻ ተለቀቀ። ገንዘቡ እንዳሉትም ቀንሷል፤ እሷ በሳምንት አንድ ሺፍት ጨመረች። ማታ ልጆቹን አያስተኛም፤ ግን ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸው እንቅልፉን ጠግቦ ነው። ይህ ሁሉ በጉዞው ምክንያት መጣ አልልም፤ ሰውየው ቀድሞ አስቦበት ነበር። የተናገረው ግን እዚያ ነው።

ይህን መንገድ ልሞክረው የሚል ካለ ሦስት ነገር እመክራለሁ። በበጋ ከሆነ ኮረብታውን ጠዋት አስቀድሙ፣ ምክንያቱም ከሰዓት ሙቀቱ ኮረብታ ላይ አያስወጣም። ከባድ የእሳት ማስጠንቀቂያ በወጣበት ቀን ደግሞ ጭራሽ አትሂዱ፤ መንገዱ ያለው ደን ውስጥ ነው። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ፔኒዌይት ፍላትን ለራሳችሁ ቀን አቆዩት።

እነሱ ቀጣዩን ዕቅድ ይዘዋል፤ ባላራት ብቻ፣ ከልጆቹ ጋር። በ1854 ታኅሣሥ 3 ንጋት ላይ ወታደሮችና ፖሊሶች በወርቅ መቆፈሪያ ፈቃድ ክፍያ የተማረሩትን ቆፋሪዎች ያጠቁበትን የዩሬካን ምሽግ ታሪክ ትልቁ ልጅ በትምህርት ቤት ጀምሮታል። በዚህኛው በር ያላቸውን ቦታዎች ማየት ስለሚፈልጉ ቅዳሜ መሆን አለበት። ሁለቱም የዚያን ቅዳሜ ሺፍት አንፈልግም ብለው አስመዝግበዋል።